ኮሌታውን ያቆመው ሰውዬ

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። አለው እንኳን ብል ልጽፈው አልፈልግም። የላክኩት መልእክት መልስ እስኪያገኝ ስልኬን ስጎረጉር ያቺ የፈረንሳዊው የማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ የኤሪክ ካንቶና ጎል መጣችብኝ። ሰንደርላንድ ላይ ያገባት፣ ዲሴምበር 1996።

ታውቋታላችሁ። ተከላካዮቹን አለፈ፣ ከቡድን ጓደኛው ከማክሌር ጋር ተቀባበለ፣ ከዚያ የአገሩ ልጅ በሆነው በረኛ በፔሬዝ አናት ላይ ቀስ አድርጎ አሻገራት። እኔን የሚገርመኝ ግን ከጎሏ በኋላ ያለው ነው። አይሮጥም። አይጮህም። ኮሌታውን እንዳቆመ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቀስ ብሎ ዞሮ ሰዉን ያያል። በቃ። እኔ ብሆን ማሊያዬን አውልቄ እስከ መልበሻ ክፍል እሮጥ ነበር።

ይሄን ጥጋበኛ ለምንድን ነው እንዲህ የምንወደው? ዋንጫ ነው እንዳልል፣ ዋንጫማ ስንቱ በልቷል። እርግጥ በ1992 ከሊድስ በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ፣ በአምስት የውድድር ዘመን ከማንቼ ጋር አራት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወስዷል። ያመለጠቻቸው አንዷም እሱ የታገደበት ዓመት ነች።

የታገደው ደግሞ በምን? ጃንዋሪ 1995 ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ቀይ ካርድ አይቶ ሲወጣ፣ የሰደበውን ተመልካች ዘሎ በእግሩ ረገጠው። ስምንት ወር ከኳስ ታገደ። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሁለት ሳምንት እስር ፈርዶበት ነበር፤ በይግባኝ ወደ 120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተቀየረለት። ሕፃናትን ኳስ አሠለጠነ። ኦክቶበር 1 ተመለሰ፣ ሊቨርፑል ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፣ በዚያው የውድድር ዘመን የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜውንም በእሱ ጎል አሸነፉ። እንደ አዲስ ወደዱት! ሌላው ሰው አንዴ ከተሳሳተ ዕድሜ ልኩን ይነሣበታል።

በ1997 ደግሞ፣ 31 ዓመት እንኳን ሳይሞላው፣ አቆምኩ አለና ሄደ። በዓመቱ ፈረንሳይ ያለ እሱ የዓለም ዋንጫን በላች። እሱ አንድም የዓለም ዋንጫ ሳይጫወት ቀረ። የማንቼ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ግን ዛሬም ስሙን ይዘምራል። ሰው ገና እየፈለገው ስለሄደ ይሆን? አይመስለኝም። በጊዜ ሄደው የተረሱ ሞልተዋል።

እኛ ቢሮ ቢሆን ኖሮስ? ባለጉዳይ ሲረግጥ አስቡት። ከሥራ ይባረር የሚለው ወረቀት ላይ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከአለቃዬ ጋር ሊፍት ውስጥ ስገናኝ ኮሌታዬን የማስተካክል ሰው ምን ይጠበቅብኛል?

ለማንኛውም መስታወት ፊት ቆሜ ኮሌታዬን አቁሜ ሞከርኩት። ደረቴንም ነፋሁ። ቀስ ብዬም ዞርኩ። እህቴ በር ላይ ቆማለች።

«አንገትህን አመመህ እንዴ?»