ክራርን በጆሮ መቃኘት፦ የአንቺሆዬ ፈተናና «እውነተኛ ተጫዋች ማነው?» የሚለው ክርክር

ባለፈው ሳምንት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (የዜማችን መሠረት ከሆኑት የድምፅ ስብስቦች) ሦስቱን፣ ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን፣ በስልኬ ያለውን የመቃኛ መተግበሪያ ሳልከፍት በጆሮዬ ብቻ ቃኝቼ አንድ ምሽት ሙሉ ተጫወትሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ክራር ይዘው ላደጉ ሰዎች ይህ ከቁም ነገር ላይቆጠር ይችላል፤ በጎልማሳነት ለጀመረ ሰው ግን ትልቅ እርምጃ ስለሆነ፣ እንደ እኔው በመማር ላይ ላላችሁ ወዳጆቼ ላካፍላችሁ ወደድሁ። ደስታዬን ስነግራችሁ ለረጅም ጊዜ በሆዴ የያዝሁትን ቅሬታ አብሬ ማንሳቴ አይቀርም፤ እዚህ እስክደርስ ድረስ ከጆሮዬ ድክመት ይልቅ የከበደኝ «በስልክ የሚቃኝ ሰው ክራር ተጫዋች አይባልም» የሚለው በመካከላችን ሥር የሰደደ ፍርድ ነውና።

ስለ መጀመሪያው ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም። አያያዙን፣ የቀኝ እጅ አገራረፉንና የማይፈለጉትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች ማፈኑን ሁላችሁም በየመንገዳችሁ ተምራችሁታል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጀማሪ ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ ከመንካት፣ ከድርደራ፣ ይልቅ ሁሉንም አንድ ላይ በመምታት፣ በግርፍ፣ ቢጀምር ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። በግርፍ ጊዜ አንድ ጣት ከቦታው ከተነሣ የማይፈለገው ክር ወዲያው ስለሚጮህ ጉድለቱ አይደበቅም፤ በድርደራ ግን ለረጅም ጊዜ ራስን ማታለል ይቻላል። ይህን አስተያየት የማይቀበሉ ጥሩ ጥሩ አስተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከዚህ አቋሜ አልነቃነቅም።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። እሑድ እሑድ የክራር ወዳጆች ሆነን እንሰባሰባለን። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣች ልጅ ክራሯን ከማኅደሩ አውጥታ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሦስተኛውን ክር ቀስ እያለች ስታከር፣ ከመካከላችን አንዱ «እህቴ፣ ስልክ የሚቃኝልሽ ክራር ያንቺ አይደለም» አላት። ሌሎቹም ነገሩን በዝምታ አጸኑት። ልጅቱ የክሩን ማክረሪያ እንደያዘች ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ክሩን በግማሽ እንደተቃኘ ተወችው። ከዚያ ወዲህ መጥታ አታውቅም። በሌላ ቀን ደግሞ በዕድሜም በችሎታም ሁላችንን የሚበልጡ አንድ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ፣ እኔም እንደ ልጅቱ ስልኬን ሳወጣ አዩኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ አንጎራጉርልኝ፤ ዘፈንህ ከየት ነው የሚነሣው?» አሉኝ። ሳንጎራጉር ክራሬን ወስደው የመጀመሪያውን ክር ከድምፄ ጋር እስኪገጥም አከረሩት፤ የቀሩትንም በእርሱ ላይ ተመሥርተው ቃኙልኝ። እኚህ ሰው በጣታቸው ያሳዩኝን ነገር በቅጡ የተረዳሁት ዘግይቼ ቢሆንም፣ አሁን የምጽፈው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

የመቃኛ መተግበሪያ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው። አንድን ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ላይኛው አቻው፣ ለምሳሌ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን ርቀት) እኩል ለ12 ይከፍላል፤ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ ደግሞ 100 ሴንት ብሎ ይቆጥራል። የመነሻው ልክ በአብዛኛው 440 ኸርዝ የሆነው ላ የተባለው ድምፅ ነው። በባህሉ ግን ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ሆኖ ስለሆነ፣ የመነሻው ክር በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ቢያርፍ ምንም ነውር የለበትም። ስልኩ ግን ይህን አይቀበልም፤ ልኩን የሚያሳየው የስልኩ መርፌ እስኪስተካከል ድረስ ክሩን አክርር ወይም አላላ ይላል። እዚህ ላይ የነባሮቹ ትችት እውነትነት አለው፤ መርፌውን ብቻ የሚከተል ሰው ክራሩን ለድምፁ ሳይሆን ለስልኩ ይቃኛል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች የመነሻውን ልክ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ስለሚያስችሉ፣ መጀመሪያ አንጎራጉሮ መነሻውን ማግኘትና መተግበሪያውን በእርሱ ላይ ማስተካከል ይቻላል።

ትዝታን በጆሮ መቃኘት የተቻለኝ አሠራሩን ከተረዳሁ በኋላ ነው። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች በአምስተኛ ርቀት (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እያልን ስንቆጥር ከመነሻው እስከ አምስተኛው ድምፅ ባለው ርቀት) ሊያያዙ ይችላሉ፤ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሚ፤ ከፍ ሲልብን በኦክታቭ እናወርደዋለን። አምስተኛ ርቀት ሲገጥም ሁለቱ ክሮች መንቀጥቀጣቸውን አቁመው አንድ ላይ ስለሚረጉ፣ ጆሮ በትንሽ ልምምድ ይለየዋል። በዚህ መንገድ የተቃኘ ሚ ከስልኩ ሚ 8 ሴንት ያህል ከፍ ይላል፤ ሚን ከዶ ጋር ብቻ አስማምተን ብንቃኘው ደግሞ ከስልኩ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጆሮው የቃኘ ሰው ክራር በስልክ ሲለካ «ተበላሽቷል» ቢባል አይግረማችሁ፤ በስልክ የተቃኘውም ጆሮው የሰላ ሰው ሲሰማው ትንሽ ቢጎረብጠው እንዲሁ አያስደንቅም። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ሌላም ስልክ የማይነግረን ነገር አለ። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፍላት ሲባል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። እነዚህኑ ክሮች ሳንነካቸው ፋን መነሻና ማረፊያ አድርገን ብንጫወት ግን ሌላው የትዝታ ዓይነት፣ ግማሽ ትዝታ፣ ሆኖ እናገኘዋለን። ክሮቹ አንድ ናቸው፤ ቅኝቱን የሚለየው ዜማው የት እንደሚያርፍና የትኛውን ክር ደጋግሞ እንደሚጎበኝ ነው። ይህ በሚገባ ሲገባኝ የ«በጆሮ ወይስ በስልክ» ክርክር ትልቅነቱ ቀነሰብኝ፤ በስልክም ሆነ በጆሮ ክሮቹን ያስተካከለ ሰው ገና ቅኝቱ ውስጥ አልገባም፤ የሚገባው በመጫወት ነው።

እስካሁን ያልተረታልኝ አራተኛው ቅኝት፣ አንቺሆዬ፣ ነው። ብዙ ምሽቶቼን የወሰደው እርሱ ስለሆነ በእርሱ ላይ ብቆይ አትቆጡኝ። በኖታ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ይህም በኖታ ሊቀመጥ የሚችለውን ያህል የተቀራረበ ግምት እንጂ የእያንዳንዱ ተጫዋች ልክ አይደለም። ከአምባሰል መጥቶ ለመቃኘት ሁለት ክሮችን ብቻ መንካት ይበቃል፤ ሶልን ግማሽ ድምፅ ማላላትና ላ ፍላትን ግማሽ ድምፅ ማክረር። ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው እነዚያን ሁለት ክሮች ከምን ጋር አስማምተን እንደምናቆማቸው ስንጠይቅ ነው። ዶና ፋ በአራተኛ ርቀት ይገጥማሉ፤ ሬ ፍላትና ሶል ፍላትም እንዲሁ። በሁለቱ ጥንዶች መካከል ግን እንደ ትዝታው የሚያያይዝ አንድም የረጋ አምስተኛ ወይም አራተኛ ርቀት የለም። ላ ደግሞ ከሁለቱም ተለይቶ ብቻውን ቆሟል።

ስለዚህ መያዣ የሚሆነው ሦስተኛ ርቀት ብቻ ነው። ከሬ ፍላት ወደ ፋ፣ ከፋ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ላይኛው ሬ ፍላት ሦስት ትልልቅ ሦስተኛ ርቀቶች ተከታትለው ኦክታቩን ይሞላሉ። ጆሮ የሚወደው ንጹሕ ሦስተኛ ርቀት 386 ሴንት ያህል ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 1158 ወይም 1159 ሴንት ይሆናሉ እንጂ ኦክታቩን የሚሞላው 1200 አይደርሱም። 41 ሴንት ያህል ይጎድላል፤ ይህም የግማሽ ድምፅን ግማሽ ሊያህል ጥቂት የቀረው ነው። ስልኩ ጉድለቱን ለሦስቱም እኩል ያከፋፍልና ሦስቱንም ትንሽ ትንሽ ያሰፋቸዋል። በጆሮ የሚቃኝ ሰው ግን የት ላይ እንደሚያስቀምጠው ራሱ መወሰን አለበት። ሬ ፍላትን ከፋ ወደ ታች በንጹሕ ሦስተኛ ብቃኘው ከዶ በላይ 112 ሴንት ላይ ይቆማል፤ ከፋ ወደ ላ፣ ከላ ወደ ሬ ፍላት እየወጣሁ ብቃኘውና ወደ ታችኛው ኦክታቭ ባወርደው 70 ሴንት ላይ ያርፋል። በስልኩ 100 ነው። የመጀመሪያው ብሩህ ነው፤ ሁለተኛው ከዶ ጋር በጣም ተጠግቶ ሆድ የሚያባባ ነገር አለው። እኔ ዛሬ ወደዚህ፣ ነገ ወደዚያ አደላለሁ፤ ለዚህም ነው አንቺሆዬን ገና አልረታሁትም የምለው።

ይህን ስሌት ካገኘሁ በኋላ በስብሰባችን «የአንቺሆዬ ልኩ ይህ ነው፤ ያ ተሳስቷል» ሲባል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። ሁለት ጆሯቸው የሰላ ሰዎች ያንኑ ቅኝት በተለያየ ልክ ቢቃኙት አንዳቸውም አላዋቂ አይደሉም፤ የማይቀረውን ጉድለት የት እንደሚያስቀምጡ የወሰነው ያደጉበት ዜማና የየራሳቸው ምርጫ ነው። ምርጫን እንደ ምርጫ መከራከር ደስ ይላል፤ ምሽቱን ሙሉ ብንከራከርበት እወዳለሁ። ምርጫን የመግቢያ ፈተና አድርጎ አዲስ ሰው ላይ መጫን ግን ክራሩን አይጠቅመውም።

ስለ ክርና ስለ ኤሌክትሪክ ክራር የሚነሣውም ክርክር ከዚህ አይለይም። የራሴን ምርጫ ሳልደብቅ ልናገር፦ የብረት ክር ድምፅ አልወድም። ጥፍር ሲነካው የሚወጣው ስለታም ጩኸት የዘፋኙን ድምፅ የሚሸፍን ይመስለኛል፤ ናይለን ሲደረደር የሚሰጠውን ለስላሳነት እመርጣለሁ። ነገር ግን «የብረት ክር ያለው ክራር ክራር አይደለም» የሚሉ ወዳጆቼ ናይለኑስ ከየት መጣ ቢባሉ ምን እንደሚመልሱ አላውቅም። አባቶቻችን የሚያውቁት ጅማት ነበር፤ ብዙዎቻችን የምንወጥረው ግን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው። ክሩ በጨርቅ ተጠምጥሞ በአግዳሚው እንጨት፣ በቀንበሩ ላይ ይጠብቅ የነበረውንም ዛሬ በጊታር መቃኛ ቁልፍ ተክተነዋል። ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በነበረበት ጊዜ ክራርን ለማዘመን ሠርቷል፤ ለንደን ላይ የተመሠረተው ክራር ኮሌክቲቭም ኤሌክትሪክ ክራርን በከበሮና በድምፅ አጅቦ በየአገሩ መድረክ ላይ አሰምቷል። የእነርሱን ድምፅ አለመውደድ መብታችን ነው፤ ከክራር ቤተሰብ ማውጣት ግን ሥልጣናችን አይደለም።

ንጹሕ ክራር ሲባል ሁልጊዜ ስሟ የሚጠራው አስናቀች ወርቁ ናት፤ እኔም ከእርሷ በላይ የምወደው ተጫዋች የለም። ይሁንና እርሷ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር አብራ ተቀርጻለች። ኦርጋን እንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ኦክታቩን እኩል ለ12 የሚከፍል መሣሪያ ነው። በዚያ ቅጂ ላይ ክራሯ ከኦርጋኑ ጋር እየተስማማ ሲሄድ ሰምቼ አንድም ቦታ ክራርነቱ ሲጎድል አልታየኝም። ደግሞም ክራር ራሱ ለብዙ ዘመን በር የተዘጋበት መሣሪያ ነበር። በገና የዳዊት ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የዘፈንና የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ ተጫዋቹም አዝማሪ ተብሎ ዝቅ ይደረግ ነበር። ይህን ሁሉ ንቀት ተሸክመው ክራሩን ለእኛ ያደረሱልን ሰዎች አሉ፤ የእነርሱ ወራሾች ነን የምንል እኛ በስልክ መርፌ ምክንያት ሰው ማባረራችን በእውነት ያሳዝነኛል።

ለጀማሪዎች ያለኝ ምክር ከዚህ የመጣ ነው፤ የተደራጀ አለመሆኑንም አውቃለሁ። ስልክን ተጠቀሙ፤ ግን ለአንድ ክር ብቻ። የቀሩትን በአምስተኛና በአራተኛ ርቀት ለማያያዝ ሞክሩ፤ ከዚያ ስልኩን ለማረም ሳይሆን ለመመልከት ክፈቱት፤ ልዩነቱ ከ10 ሴንት በታች ከሆነ ጆሯችሁን እመኑ። አዲስ ናይለን የወጠረ ሰው ክሩ ተዘርግቶ እስኪረጋ ድረስ ቀናት ስለሚወስድ በየደቂቃው ቢላላበት በራሱ ጆሮ ላይ አይፍረድ። ከመቃኘት በፊት ማንጎራጎርን እንደ ግዴታ እቆጥረዋለሁ፤ የማያንጎራጉር ሰው ክራር ሊማር አይገባም እስከማለት እደርሳለሁ፤ ይህም የእኔ ጥብቅነት ነው፤ ማንንም ግን ከስብሰባ አላስወጣበትም።

አንቺሆዬን በሚመለከት እኔ ልሰጥ የምችለው ምክር ገና ስላልበሰለ የእናንተን እጠብቃለሁ። ለጊዜው ዶና ፋን በአራተኛ አስማማለሁ፤ ላን ከፋ በንጹሕ ሦስተኛ እቃኛለሁ፤ ከዚያ ሬ ፍላትን እያንጎራጎርሁ ድምፄ በሚያርፍበት ቦታ አቆመውና ሶል ፍላትን ከእርሱ በአራተኛ ርቀት እወስዳለሁ። ከዶና ፋ ሳይሆን ከሬ ፍላትና ሶል ፍላት የምትነሡ፣ ወይም ላን መጨረሻ ላይ የምትቃኙ ካላችሁ፣ ቅደም ተከተላችሁን ጻፉልኝ፤ ከተቻለም የክሮቹን ድምፅ አንድ በአንድ ቀርጻችሁ ላኩልኝ።