ሁለተኛው መብራት

ቅዳሜ ማታ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

እጄ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አርቪያችን (ውስጡ የሚታደርበት፣ እንደ ቤት የተሠራው መኪና) የ2006 ስሪት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት የንጹሕ ውሃው፣ የዕቃ ማጠቢያውና የሽንት ቤቱ ታንከር ምን ያህል እንደሞላ በትንንሽ መብራቶች ያሳያል፤ አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሙሉ። ከፋሲካ ወዲህ የዕቃ ማጠቢያው ሁለት ሦስተኛ ላይ ተገትሮ ቀረ። ጠብታ እስኪያልቅ ብናፈሰውም ሁለተኛው መብራት አይጠፋም። ባለፈው ሳምንት ግሬት ሳንድ ዱንስ በሚባለው የአሸዋ ተራሮች ፓርክ ያደርንበት ቦታ የፍሳሽ መስመር አልነበረውም። የገላ መታጠቢያው ውሃም እዚያው ታንከር ስለሚገባ፣ ሞልቶ ይገነፍላል ብዬ ፈርቼ አሸዋ ላይ ሲንከባለሉ የዋሉትን ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ በእርጥብ ፎጣ እያበስኩ አስተኛኋቸው። ስንመለስ የወጣው ውሃ ከሁለት ባልዲ አይበልጥም። አንጀቴን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

አባዬ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወር ሆኗቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ካርቶን አንጥፈው አርቪው ሥር ገቡ፤ በ74 ዓመታቸው። የታንከሩን ጎን ከታች ወደ ላይ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሮቶውን እንዲሁ ነበር የሚያንኳኩት፤ ውሃው እስካለበት ድምፁ ድፍን ነው፣ ከዚያ በላይ ያስተጋባል።

«ነይ ስሚው እስቲ፣ የኔ ልጅ። ባዶ ነው።»

«መብራቱ ግን አልጠፋም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ወይ ሽቦው ነው፣ ወይ ውስጡ። መጀመሪያ እሱን እንለይ።»

የታንከሩ ግድግዳ ላይ ብሎን የመሰሉ አራት ብረቶች ወደ ውስጥ ዘልቀው ገብተዋል፤ አንዱ ከታች፣ ሦስቱ ከፍ ከፍ ብለው። ውሃው ከፍ ብሎ አንዱን ብሎን ሲነካ፣ ከታችኛው ጋር በውሃው በኩል ትንሽ ኮረንቲ ይተላለፍና መብራቱ ይበራል። ነገሩ ይኸው ነው። የሁለት ሦስተኛውን ሽቦ ፈታሁት፤ ልጄ ውስጥ ሆና ቁልፉን ተጫነች። «ጠፋ!» የፈታሁትን ከታችኛው ሽቦ ጋር ሳነካካው «በራ!» ሽቦውም መብራቱም ደህና ናቸው ማለት ነው። ፈትቼውም ባይጠፋ ኖሮ ቀኑን ሙሉ የተላጠ ሽቦ ስንፈልግ እንውል ነበር።

«ምንድነው የምታፈሺበት?» አሉኝ።

የፋሲካን ዶሮ ወጥ ድስት እዚያው ነበር ያጠብኩት። ቅቤው ሲወርድ ፈሳሽ ነው፤ ታንከሩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ይረጋል። ቅባት ብቻውን ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ከሳሙናና ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ተለውሶ እርጥበት የያዘ አተላ ግን ያሳልፋል። ብዙ ሰው በረዶ ጨምረሽ ንጂው፣ እየተንከባለለ ይፈቀፍቀዋል ይላል። እኔም ሞክሬው ነበር። ቅቤ በበረዶ ይብሱን ይጠጥራል እንጂ አይለቅም!

አምስት ባልዲ ሙቅ ውሃ ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር ጨመርንበት፤ የፈላ አይደለም፣ ፕላስቲክ ስለሆነ። ከዚያ በአይ-70 አውራ ጎዳና እስከ ላይመን ከተማ ነድተን ተመለስን፤ መንገድ ላይ ከሥራችን ሲንቦጫቦጭ ይሰማን ነበር። ማፍሰሻው ጋ እንደ ሁልጊዜው የሽንት ቤቱን አስቀደምኩ፤ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ኋላ ሲወርድ ቱቦውን ያጥበዋል። ቱቦው አፍ ላይ ባለው፣ ውስጡ በሚታየው መታጠፊያ መጀመሪያ ደብዛዛ ውሃ አለፈ፤ ቀጥሎ በርበሬ የመሰለ ቅባት፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እየሆነ። አባዬ ጎንበስ ብለው «የፋሲካው ወጥ» አሉ።

ቁልፉን ስጫን ሁለተኛው መብራት የለም። አባዬ ግን አላመኑትም፤ ተመልሰው ገብተው እስከ ላይ አንኳኩት።

ከእንግዲህ ድስቱን በወረቀት ጠርጌ ነው የማጥበው። የሽንት ቤቱ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ላይ ቆሟል። የእሱ ቅቤ አይደለም፣ ብሎኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስለኛል፤ ውሃ ቆጥቡ እያልኩ ልጆቹን ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ። ነገ እስከ ግማሽ ውሃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ።