ለራሴ «አብሽሪ» ማለት

ትናንት ማታ ቡና ሳፈላ ስኒ ሰበርኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ግን ወዲያው «እጅሽ ይሰበር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቃሉ የእናቴ ነው፣ የተናገርኩት ግን እኔው ነኝ፣ በ34 ዓመቴ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በራሴ ኪራይ ቤት ቁጭ ብዬ።

እማዬ ክፉ አልነበረችም። እሷም እንደዚሁ ነው ያደገችው። ልብስና ምግብ አልጎደለብንም፤ የጎደለው «አይዞሽ» ነው። ሳለቅስ መልሱ «ዝም በይ፣ ሰው ምን ይላል!» ነበር።

ህንዶችም ይቺው አባባል አለቻቸው፤ «ሎግ ክያ ካሄንጌ» ይላሉ፣ ቃል በቃል «ሰው ምን ይላል» ማለት ነው። ሳውቅ ሳቄ መጣ። ለካ ስንት የደቡብ እስያ ሴት በዚችው ቃል ተኮርኩማ አድጋለች!

ክሪስቲን ኔፍ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ለራስ መራራት ሦስት ነገር ነው ትላለች፦ ለራስ ደግ መሆን፣ መሳሳትና መጎዳት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማወቅ፣ ስሜትን ሳይክዱም ሳያጋንኑም ማየት። እኔን የያዘችኝ ሁለተኛዋ ነች። ብቻዬን የተበላሸሁ ይመስለኝ ነበራ።

እኛ ወሎ ውስጥ ለማን «አብሽር»፣ አይዞህ፣ የማንለው አለ? ለሐዘንተኛ፣ ፈተና ለወደቀ ልጅ፣ ታክሲ ውስጥ ብር ለጠፋበት የማናውቀው ሰው። ለራሴ ግን ብዬው አላውቅም። ትናንት ስብርባሪውን እየለቀምኩ ጮክ ብዬ አልኩት፦ «አብሽሪ፣ ስኒ እኮ ነው።» መጀመሪያ አፈርኩ። ከዛ ረከቦቱን አየሁ፤ አምስት ስኒ ቀርቷል። ቶናውን ጣድኩ።