ሞምባሳ፦ በሁለት ነፋስ የሚከፈል ዓመት

ናይሮቢ የሚኖር ሐበሻ «ሞምባሳ ልሄድ ነው» ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሙቀቱን ትችለዋለህ?» ተብሎ ነው። በተለያየ ወቅት ተመላልሼ ካየሁት በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ ብዙ እንደማይጠቅም ገብቶኛል። የኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ ሞምባሳ ዓመቱን ሙሉ ትሞቃለች። በጣም በሚሞቁት በየካቲትና በመጋቢት ቀን ቀን 33 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ቀዝቃዛ በሚባሉት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ 28 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ የኅዳር ቀን በንጋትና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። እዚያ ዓመቱን የሚከፍለው ነፋስ ነው፤ ዝናቡም፣ ዓሣውም፣ የባሕሩ መልክም የሚለወጠው ነፋሱ ሲዞር ነው።

የመጨረሻው ጉዞዬ ብዙ ሰው በማይመርጠው በግንቦት ነበር። ባቡሩ ከናይሮቢ ደጋ ወርዶ የዱር እንስሳት ፓርኩ ጻቮ ሲገባ ምድሩ ቀይና ደረቅ ነው፤ ዝሆኖቹ እንኳ አፈሩን ለብሰው ቀልተው ይታያሉ። ከባሕሩ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ዝናቡ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ጻቮ ዳር ባለችው ቮይ ከተማ የሚዘንበው የሞምባሳን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ማሪያካኒን ካለፍን በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ የኮኮናት ዛፎች በዙ፣ ሚሪቲኒ ጣቢያ ስንወርድም ሸሚዜ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ያረፍኩት አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። የእኛ የክረምት ዝናብ ከሰዓት በኋላ ደመናው ተጠራቅሞ፣ ሰማዩ አጉረምርሞ፣ ነገሩን አስታውቆ ነው የሚመጣው። እዚያ ግን ሌሊት ላይ ያለ ነጎድጓድ ከባሕሩ በኩል ድንገት ይወርዳል፤ የቆርቆሮው ጩኸት ያነቃሃል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ማለዳ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ሲያላብ ደግሞ ይመለሳል። በግንቦት ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የዓመቱ ድምር 1,000 ሚሊ ሜትርን ትንሽ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ እምብዛም አይለይም። የሚለየው ወሩ ነው። እኛ ሐምሌና ነሐሴን በጭቃ ስናሳልፍ የሞምባሳ ዋና ዝናብ አልፏል።

የግንቦትን ርጥበት ያየሁት ከሁሉ በላይ ባረፍኩበት ቤት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ጨው ማስቀመጫው ውስጥ ጥሬ ሩዝ ተጨምሮበታል፤ አለዚያ ጨው ተጋግሮ አይወጣም። ያጠብኩት ሱሪ ገመድ ላይ ውሎ አድሮ እንደረጠበ ነበር፤ የቆዳ ጫማዬም በቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ሁሉም ሰው «ማማ» እያለ የሚጠራቸው የቤቱ ባለቤት ሱሪዬን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ኩሲ፣ የደቡቡ ነፋስ፣ ገና መግባቱ ነው፤ ወደ ሰገነቱ አውጣው፤ እዚያ ነፋሱ ያገኘዋል» አሉኝ። እንዳሉትም በማግስቱ ደረቀ።

ቤቶቹ የተሠሩት ይህን አየር በሚያውቁ ሰዎች ነው፤ እኔም ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ግድግዳው ወፍራም የኮራል ድንጋይ በኖራ ተለስኖ ነው፤ የቀትሩን ሙቀት ወደ ውስጥ አያስገባም። ጣሪያውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ርዝመቱ ውስን ስለሆነ ክፍሎቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው። ጎዳናዎቹም ጠባብ ስለሆኑ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ይሆናል፤ ከባሕሩ የሚነሣውም ነፋስ በመካከላቸው ይዘልቃል። ከደጅ ባሉት የድንጋይ መቀመጫዎች ላይ ሽማግሌዎች ሲመሽ ተቀምጠው መራራ ቡና ይጠጣሉ። ከዚህ ወጥቶ በአዲሱ ሰፈር ባለ መስታወት ፎቅ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ያለ አየር ማቀዝቀዣ መዋል ጭንቅ ነው። ይህ የግንባታ ጥበብ በገዛ ከተማው መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ኩሲ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ካስካዚ ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ጀልባዎች ከዓረብና ከሕንድ በካስካዚ ወርደው በኩሲ ይመለሱ ነበር፤ የወደቡ ሕይወት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ተቃኝቷል። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ሚያዝያ ላይ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ካለችው ማሊንዲ ተነሥቶ በኩሲ እየተገፋ ሕንድ የደረሰው በ23 ቀን ገደማ ነው። ሲመለስ ግን ካስካዚ እስኪገባ አልጠበቀም፤ ሦስት ወር ያህል ውቅያኖስ ላይ ሲንገላታ ብዙ መርከበኞቹ በበሽታ አለቁ። (እኛ አገር መጥቶ ከአሕመድ ግራኝ ጋር ሲዋጋ ተማርኮ በ1542 የተገደለው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የዚህ ሰው ልጅ ነው።) ዛሬም ኩሲ ሲበረታ ትንንሾቹ የዓሣ ጀልባዎች ባሕሩ ውስጥ ካለው የኮራል አጥር ወዲያ አይወጡም፤ የባሕር ሣሩም ዳርቻው ላይ ይከመራል።

ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ ከሁሉ የሚመቹ ወራት ናቸው። በምድር ወገብ ደቡብ በኩል የብርድ ወቅት ስለሆነ ኩሲ የቀዘቀዘ አየር ይዞ ይመጣል፤ ሌሊት 21 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የአካባቢው ሰው ሹራብ ሲደርብ አይቻለሁ።

በጥቅምትና በኅዳር የሚዘንበው አጭሩ ዝናብ፣ ቩሊ፣ እምነት የሚጣልበት አይደለም። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ምድር ወገብን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያቋርጥ ሞምባሳ ሁለት የዝናብ ወቅት አላት፤ የእኛ ቦረናና ሶማሌም እንደዚሁ። ሁለተኛውን ወቅት የሚወስነው በአብዛኛው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የምዕራቡ ክፍል ከምሥራቁ በላይ ሲሞቅ ዝናቡ ከመጠን ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሞምባሳም የሶማሌ ክልልም በጎርፍ ተመቱ። ውቅያኖሱ በተቃራኒው ሲሆን ዝናቡ ይጠፋል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት አለቀ። እዚያ ባሕር ዳር ቆሜ ያንን ውኃ ሳይ ያሰብኩት የቦረናን እረኞች ነው፤ የውኃው ሙቀት ትንሽ ከፍና ዝቅ ማለቱ የእነሱን በረት ይሞላል፣ ባዶም ያደርጋል።

በጥር ካስካዚ ከገባ በኋላ ዝናብ እምብዛም የለም፤ ባሕሩ ረጋ ይላል፣ ውኃው ይጠራል፣ ማንጎ ገበያውን ይሞላል። መዋኘት የምትወዱ ከሆናችሁ ወራችሁ ይህ ነው፤ ክፍል ግን ውድ ነው። በግንቦት የምትሄዱ ደግሞ በርካሽ ታርፋላችሁ። የሚደርቅ ቀለል ያለ ልብስና የላስቲክ ጫማ ያዙ፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ወባ አለና ሳትነሡ ሐኪም አማክሩ። ቀጠሮ ካላችሁም ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ እኔ በነበርኩባቸው ቀናት የጠዋቱ ዝናብ ቱክቱክ (ባጃጅ) የሚያሳልፍ አልነበረም።