አምስተኛው ቅብ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ ወዳለችው የወደብ ከተማ ወደ አናፖሊስ የሄድሁት ጀልባ ለመቀባት ሳይሆን ከቤት ለመውጣት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንደከበደኝ እኔም አላወቅሁትም። ጋሼ ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ብሩሽ አስያዙኝ። ያቺ አሮጌ ባለሸራ ጀልባቸው ከውሃ ወጥታ በብረት ድጋፎች ላይ ቆማለች፤ የእኔ ድርሻም ጎኗን ከዳር እስከ ዳር የሚዞረው፣ ከመቆሚያዋ ጋር ስትላተም ምቱን የሚቀበለው የቲክ እንጨት ሆነ።

ቲክ በተፈጥሮው ቅባታም ስለሆነ ቫርኒሽ በቀላሉ አይዝበትም። ጋሼ ቅባቱን በአሴቶን ወልውለው፣ የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ እኩል አቅጥነው እንጨቱን አጠጥተውታል፤ ከዚያ በኋላ በየቅቡ መካከል በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት እያሻሹ አራት አድርሰውታል። ለእኔ የደረሰኝ አምስተኛው ነው፤ እሳቸው ከስምንት በታች አይሰሙም።

«የእንጨት ጠላቱ ውሃ ይመስልሃል?» አሉኝ ቆርቆሮውን ሲከፍቱ፤ «ፀሐይ ናት» ብለውኝ ሄዱ።

አባባላቸው አልለቀቀኝም። ቫርኒሽ ውስጡን የሚያሳይ ስለሆነ ብርሃንንም ያሳልፋል፤ ጨረሩን እንዲውጥ የተጨመረበት ንጥረ ነገርም ከጊዜ በኋላ ይደክማል። ያኔ ፀሐይዋ የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን ትበትነዋለች፤ ቅቡ ከላይ እያብለጨለጨ የያዘው እንጨት ከሥሩ ይለቀዋል። ውሃ የሚገባውና የሚያጠቁረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛም ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ እናላክካለን። ብርሃን የማያሳልፍ ተራ ቀለም ብንቀባው የተሻለ ይጠብቀው ነበር። ጨርሶ ባንቀባውም ቲክ ግራጫ ይሆናል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም።

እንግዲህ ስምንቱ ቅብ ለማን ነው? ለእንጨቱ ነው ወይስ ከሩቅ ለሚያየው ሰው? ጋሼ ያደጉት ጣና ዳር ነው። የደንገል ታንኳ አንድም ቅብ ሳይነካው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ከውሃው ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እዚያ የምታድነው ፀሐይ እዚህ በምን ምክንያት ጠላት ሆነች? መልሱ «ቲክና ደንገል አንድ አይደሉም» የሚል እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን ጥያቄው በዚህ የሚበቃው አልመሰለኝም።

ጋሼ ሲመለሱ ጎንበስ ብለው እንጨቱን በጎን አዩት። ቫርኒሽ የሚቀባ ሰው ጠርዙ እርጥብ ሳለ ካልቀጠለ፣ አዲሱ ከደረቀው የሚገናኝበት ቦታ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይታያል።

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ፣ በጣታቸው እያሳዩ።

ማሰብ የጀመርሁበት ቦታ ነበር። ዝንብ አርፋብኝ ነው አልኋቸው።