ለካንት ሻይ የሚያፈላው ማን ነበር?

ስለ ሕይወት ትርጉም ማንበብ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። መነሻው ድካም ነው። ሥራ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ ቴሌግራም፣ እንቅልፍ። የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም ስል «እና?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። አነቃቂ ተናጋሪዎቹንም ሰምቻቸዋለሁ። «ማርከስ ኦሬሊየስ እንዲህ ይላል» ብለው ይጀምሩና መጨረሻ ላይ የሥልጠና መመዝገቢያ ስልክ ይሰጡሻል። ስለዚህ ፈላስፎቹን ራሳቸውን ላንብባቸው አልኩ።

ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ አንድ አሽከር ነው። ማርቲን ላምፔ ይባላል። ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ ኮኒግስበርግ በምትባል የፕሩሲያ ከተማ ለፈላስፋው ለአማኑኤል ካንት አርባ ዓመት ያህል አገልግሏል። ሁልጊዜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ «ሰዓቱ ደርሷል!» እያለ ጌታውን ይቀሰቅሳል። ካንት ሻዩን ይጠጣል፣ ፒፓውን ያጨሳል፣ ከዚያ ወደ ሐሳቡ ይገባል። ከዚያ ሐሳብ አንዱ በ1785 እ.ኤ.አ. ታተመ፦ ሰውን የጉዳይህ ማስፈጸሚያ ብቻ አታድርገው፤ እሱም የራሱ ዓላማ ያለው ፍጡር ነው። ካንት ሰው ሰውን አያገልግል አላለም። ሾፌሩ እኔን ያደርሳል፣ እኔ እከፍለዋለሁ፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ከመሪው ኋላ ሰው መቀመጡ የተረሳ ጊዜ ነው።

ላምፔ እያረጀ ሲሄድ መጠጥ አበዛ፣ ጠብም አበዛ። በ1802 እ.ኤ.አ. ካንት አሰናበተው። ጡረታ ቆርጦለታል፣ ጨካኝ አልነበረም። ግን አርባ ዓመት የለመደው ስም ከአፉ አልወጣ ብሎት ይሆናል፣ የላምፔ ስም ከእንግዲህ ፈጽሞ መረሳት አለበት ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ። እንዳይረሳ የሚጻፍ ማስታወሻ እንጂ ለመርሳት የሚጻፍ ማስታወሻ ሰምቼ አላውቅም። ሳነበው ሳቅኩ፤ ቆይቶ ግን አላስቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ፈላስፋ ሳነብ ማድ ቤቱ ውስጥ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ አይለቀኝም። አርስቶትል ከፍተኛው ሕይወት የማሰላሰል ሕይወት ነው ይላል፤ ለማሰላሰል ደግሞ የተረፈ ጊዜ ያስፈልጋል። የእሱን ጊዜ ያተረፉለት ባሪያዎች ናቸው፤ ባሪያን «ሕያው መሣሪያ» ብሎ የጠራውም እሱው ነው። ወዲያው ቀጥሎ ግን የሚያስገርም ነገር ይናገራል፦ ከባሪያ ጋር በባሪያነቱ ወዳጅነት የለም፣ በሰውነቱ ግን ይቻላል። በሩን ራሱ ከፈተው፣ አልገባበትም። ስቶይኮች የሚባሉት ፈላስፎችም ጋ ያው ነው። በባርነት ያደገው ኤፒክቴተስ «በእጅህ ያለውን ከሌለው ለይ» ሲል ነፍስ ማትረፊያ ነው። ያንኑ ትምህርት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ ሲይዘው ግን ጥርጣሬ ይገባኛል፤ ከእጁ የወጣ ነገር እምብዛም አልነበረውማ።

በሩን የገባበትን ሰው ያገኘሁት እዚሁ አገር ነው። የአክሱሙ ዘርዓ ያዕቆብ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ፣ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋሻው ነው። እኔን የያዘኝ ከዋሻው በኋላ ያለው ነው። እንፍራንዝ ወርዶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ በላቡ ኖረ። የሀብቱን አገልጋይ ሒሩትን ወደዳት። ጌታዋ ከእንግዲህ አገልጋይነቷ ለአንተ ነው ቢለው፣ አገልጋዬ ሳይሆን ሚስቴ ናት፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። (ይህን የሚተርከውን «ሐተታ» የተባለ መጽሐፍ የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ ነው የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ኮንቲ ሮሲኒ እንዲያ አለ፣ ክላውድ ሰምነር ግን የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብሎ ተሟገተ። ለዛሬው ጉዳዬ ማንም ይጻፈው።)

ይህን ሁሉ የማነበው ታዲያ ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው። ቡናውን የምታቀርብልኝ ልጅ ናት። በደላላ ነው የመጣችው፤ «እትዬ» ትለኛለች። ስሟን እዚህ የማልጽፈው አስፈቅጄ ስላልሆነ ነው እንጂ እንደ ካንት ለመርሳት አይደለም። ሕጉም ነገሩን ለኔ ትቶልኛል፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። የሥራ ሰዓቷን፣ ዕረፍቷን፣ እንቅልፏን በተግባር የምወስነው እኔ ነኝ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ሥልጣኑ በዝቷል።

እህቴ ቤይሩት ሠርታለች። ፓስፖርቷን ማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ስትደውል ስልኩን ላውድ ላይ አድርገን ቤተሰቡ በሙሉ እናለቅስ ነበር፤ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረውን ካፋላ የሚባል ሥርዓትም እንረግማለን። በ2012 ሰኔ ላይ አሠሪዎች ሴቶቻችንን በመኪና እያመጡ ቤይሩት ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሲጥሏቸው ያየ ሰው ንዴቱን አይረሳውም። ያን ጊዜ እናቴ ቤት የነበረችውም ሠራተኛ አብራን ታለቅስ ነበር። የእሷ የዕረፍት ቀን መቼ ነው ብሎ የጠየቀ ከመሀላችን አልነበረም። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። ቆንስላ ደጃፍ የጣልነው ሰው የለም። ግን እህቴ ከተመለሰች በኋላ በማንም ቤት ሠራተኛ ስትታዘዝ ማየት አትችልም፤ ተነሥታ ራሷ ታደርገዋለች። ከአርስቶትል ይልቅ የእሷ መነሣት ያስተማረኝ ይበልጣል።

ለባለቤቴ ስነግረው «ገበያውን ታበላሺና ጎረቤት ይቆጣናል» አለኝ። እየቀለደ ነው፤ ግማሹን ግን የምሩን ነው።

ባለፈው እሑድ ልጆቹ አያታቸው ጋ ሲሄዱ ልጅቷን አነጋገርኳት። በሐሳቤ ዋናው ነገር ማዕድ ነበር። ከአሁን በኋላ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለሽ ብዪ አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ።

«እትዬ፣ እሱ ይቅርብኝ» አለች። «ብቻዬን ስበላ ነው ትንሽ የማርፈው። ከእናንተ ጋር ከተቀመጥኩ ውሃ አምጪ፣ ጨው ጨምሪ መባሌ አይቀርም።»

ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ያነበብኩት ሁሉ ለዚህ መልስ አላዘጋጀኝም። ምን ይሻልሻል አልኳት። ትንሽ አመነታችና ዘረዘረችው፤ ለካ ስታስብበት ኖራለች። ደመወዟ በአጎቷ በኩል መላኩ ቀርቶ በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የእሷ ይሁን። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ትምህርት በማታው ክፍለ ጊዜ ትቀጥል።

ባንኩ አንድ ጠዋት ነው የፈጀው። እሑዱም ብዙ አላከራከረም። ያስቸገረው የማታው ነው፤ ትምህርቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ ያ ደግሞ የራት መሥሪያ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ማክሰኞና ሐሙስን ወሰደ፤ የሚችለው ሽሮ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ከወዲሁ እያጉረመረሙ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእኔ ናቸው። የማነበው በእነዚያ ሰዓታት ነበር። አሁን ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለ ካንት ለማሰብ ሞክሬያለሁ፤ አይሆንም፣ ወጡ ያርራል።