የጊታሬ ፒክአፕ አልተቃጠለም ነበር

ኤሌክትሪክ ጊታር ያለው ሰው ሁሉ መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ርካሹም ቢሆን ይበቃል። ይህን የምለው ባለሙያ ነኝ ባለ ሰው ቃል ብቻ ሦስት ጤነኛ ፒክአፖችን፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን የሽቦ ጥቅሎች፣ ነቅዬ ልጥል ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበረ ነው። ከዚያ ያዳነኝ ይኸው ትንሽ መሣሪያና አንድ መስመር ሒሳብ ነው፤ ሁለቱንም አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አለማግኘቴ ዛሬም ያናድደኛል።

ችግሩ ሲጀምር ቀላል ነበር። ቮልዩሙን ባዞርሁ ቁጥር ማጉያው ይንኮሻኮሻል፤ ገመዱን ስነካው ደግሞ ድምፁ ይጠፋና ይመለሳል። ገመዱንም ማጉያውንም በሌላ ቀይሬ ሞከርሁና ጥፋቱ ከጊታሩ መሆኑን አረጋገጥሁ። ገመዱ ጊታሩ ላይ የሚሰካበት ጃክ ብሎኑ ላልቶ ስለነበር አጠበቅሁት፤ የመሰኪያውን ጫፍ የሚይዘውን ቀጭን ብረትም በፒንሳ ጥቂት ወደ ውስጥ ጎበጥ አደረግሁት። የድምፁ መጥፋትና መመለስ በዚሁ ቀረ። ጃክ ስታጠብቁ ከውስጥ ያለውን አካል በእጃችሁ ያዙት፤ ከብሎኑ ጋር አብሮ ከዞረ ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ይበጥሳቸዋል።

መንኮሻኮሹ ግን አልሄደም። በቮልዩም ማዞሪያው ውስጥ የካርቦን ቅብ አለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ ብረት እየተንሸራተተ ድምፁን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አቧራ ከሆነ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ ረጭቶ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ማዞር ይበቃል። የእኔ ቅቡ ተበልቶ ስለነበር ማጽጃው አልፈወሰውም። ማዞሪያው መቀየር ነበረበትና ጊታሩን ኤሌክትሮኒክስ ለሚጠግን ባለሙያ ሰጠሁት።

ሰውየው እጁ መጥፎ አይደለም። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ነው። ጊታር ግን ከራዲዮ የተለየ መሆኑን አላወቀም፤ ለማወቅም አልጠየቀም። ጊታሬን ስረከብ መንኮሻኮሹ በእርግጥ ጠፍቷል። ከእርሱ ጋር ግን የጊታሩ ድምፅም አብሮ ጠፍቷል። ቀጭኖቹ ክሮች ብርድ ልብስ የተጫነባቸው ያህል ታፍነዋል፤ የማጉያውን ትሬብል እስከ መጨረሻው ብከፍተውም የድሮው ጥራት አልመጣም። ድምፁ በጠቅላላ ቀንሷል። በዚያ ላይ አዲስ ጉርምርምታ መጥቷል።

ተመልሼ ስነግረው መልቲሜትሩን አወጣና በጃኩ በኩል ለካ። ከዚያ በፍጹም እርግጠኝነት እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ፒክአፑ ተቃጥሏል። 6 ኪሎ ኦም ማሳየት ሲገባው 3.7 ነው የሚያሳየው። የጥቅሉ ግማሽ ሞቷል፤ ይቀየር።» ኪሎ ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው። ድምፁ የታፈነውም ለዚህ ነው አለ። ቁጥር ይዞ የሚከራከርን ሰው መመከት ከባድ ነው። ከእርሱ ሥራ በፊት ድምፁ ሙሉ እንደነበር ብነግረውም፣ ዕቃ ሲያረጅ እንዲህ ነው አለና ጊታሬን መለሰልኝ። የድሮውን ማዞሪያ ስጠይቀው ጥሎታል።

የራሴን መልቲሜትር የገዛሁት በዚህ ንዴት ነው። ገመዱን ጃኩ ላይ ሰካሁ፤ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፈትሁ፤ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በመሰኪያው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በመሰኪያው ግንድ ላይ አሳረፍሁ። ጊታሬ ባለ ሦስት ፒክአፕ ነው፤ መምረጫውን እያንቀሳቀስሁ እያንዳንዱን ለየብቻው ለካሁ። ሦስቱም 3.7 አካባቢ አነበቡ። ሰውየው የለካው አንዱን ብቻ ነበር። ሦስት ፒክአፖች በአንድ ጊዜ፣ በእኩል መጠን፣ ያውም ማዞሪያው በተቀየረበት ዕለት እንዴት ይሞታሉ?

ደግሞስ ምን ያቃጥላቸዋል? ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ፣ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦ ነው። ከብረት የተሠራው ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያውከዋል፤ በሽቦው ውስጥም ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። እንደ እኔ ያለ ባትሪ የሌለው ጊታር ሌላ የኃይል ምንጭ የለውም። ፒክአፕ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ሽቦው ተበጥሶ ነው፤ ያን ጊዜ ፒክአፑ ብቻውን ሲለካ መልቲሜትሩ መጠን የለሽ ተቃውሞ ያሳያል እንጂ 3.7 አያነብም።

ክሮቹን አውልቄ የፊት ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈታሁ። ከምንም ነገር በፊት የሽቦዎቹን ፎቶ ከየአቅጣጫው አነሣሁ፤ ይህን ሳታደርጉ አንዲት ሽቦ እንዳትነኩ። አዲሱን ቮልዩም ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ «ቢ10ኬ» የሚል ማኅተም አለበት። 10 ኪሎ ኦም ማለት ነው። እንደ እኔ ያለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ላለው ጊታር የተለመደው 250 ኪሎ ኦም ነው፤ ሃምበከር ለሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ደግሞ 500። ሰውየው በእጁ የነበረውን የሌላ ዕቃ መለዋወጫ ነው የገጠመልኝ።

ሒሳቡ ይኸው። ቮልዩሙ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ፒክአፑና ማዞሪያው ጎን ለጎን የተገናኙ ሁለት ተቃውሞዎች ናቸው። የሁለቱ ብዜት ለሁለቱ ድምር ይካፈላል፤ 6 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ16፣ 3.75 ይሆናል። ባለሙያው «ሞተ» ያለው የጥቅል ግማሽ ይህ ነው። ጤነኛ ፒክአፕ በራሱ በገጠመው ዕቃ በኩል ሲለካ የሚያሳየው ቁጥር። በ250 ቢሆን ኖሮ 5.86 ያነብ ነበር። ለማረጋገጥ የአንዱን ፒክአፕ ሽቦ ከመምረጫው ነቅዬ ብቻውን ለካሁት፤ 6 ኪሎ ኦም። ደስታዬን መደበቅ አልችልም፤ ሌሎቹንም እየነቀልሁ ለካሁ፤ ሁሉም ደህና ነበሩ።

ድምፁ የታፈነበት ምክንያትም በዚሁ ተገኘ። ከፒክአፑ የሚወጣው ኃይል በራሱ 6 እና በማዞሪያው 10 መካከል ሲከፋፈል ለማጉያው የሚደርሰው 62 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የከፋው የቀጭኑ ድምፅ ጉዳይ ነው። ጥቅሉ ለፈጣን ንዝረት መንገድ የሚያጠብ ባሕርይ አለው፤ ማዞሪያው ትንሽ ተቃውሞ ብቻ ካለው ከ1000 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ከፍ ያለው ድምፅ እየወረደ ይሄዳል። የጊታር ጥራትና ብርሃን ያለው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ትሬብል በመጨመር የሚመለስ አይደለም።

ጉርምርምታውስ? ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ምንጊዜም ከቤቱ ኤሌክትሪክ 50 ወይም 60 ኸርዝ ጉርምርምታ ይለቅማል፤ በ1955 ሴት ላቨር በጊብሰን ኩባንያ ሃምበከርን የሠራው ይህን ለማጥፋት ነው። ስለዚህ ትንሽ ጉርምርምታ ጉድለት አይደለም። መለያው ይህ ነው፦ ክሮቹን በእጃችሁ ስትነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ፣ ክሮቹን ከጃኩ ብረት ጋር የሚያገናኘው የግራውንድ ሽቦ ደህና ነው። ክሩን ነክታችሁ ምንም ሳይቀንስ፣ የጃኩን ብረት ስትነኩ ግን ከቀነሰ፣ ከክር ማሰሪያው ብረት ወደ ውስጥ የሚመጣው ሽቦ ተቋርጧል። የእኔ አልተበጠሰም። ሰውየው ከድሮው ማዞሪያ ጀርባ ፈትቶ ጫፉን በቴፕ ጠቅልሎ ትቶታል። ከክር ማሰሪያው የሚመጣ ሽቦ ድምፅ ስለማይሸከም ትርፍ መስሎት መሆን አለበት። መጠየቅ ይችል ነበር። አንድ ጥያቄ!

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ አልነበረም። መለዋወጫ ከማዘዛችሁ በፊት የሽፋኑን ቀዳዳ ለኩ፤ የማዞሪያዎች አንገት እንደ አሠራራቸው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም 9.5 ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ በትንሹ ቀዳዳ አይገባም። «ኤ» የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ ለጆሮ እኩል የሚመስል አጨማመር ይሰጣል። «ቢ» ያለበት ደግሞ ቁጥሩን እኩል ይከፋፍላል፤ ለቮልዩም እኔ አልወደውም። መለዋወጫው ሲደርስ ለኩት፤ 250 የተባለ ማዞሪያ 20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ፋብሪካው እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ለቶን ማዞሪያው (ቀጭኑን ድምፅ ለሚቀንሰው) ውድ ኮንደንሰር ለሚያቀርብላችሁ ሰው ጆሮ አትስጡ። 0.022 ወይም 0.047 ማይክሮ ፋራድ ይሁን እንጂ ርካሹ ያንኑ ይሠራል።

አስቸጋሪው የግራውንድ ሽቦዎቹን ከማዞሪያው ጀርባ መበየድ ነው። ብረቱ ሙቀት ይውጣል፤ ደካማ ካውያ ይዛችሁ ረጅም ጊዜ ከቆያችሁ የውስጡን የካርቦን ቅብ ታቃጥላላችሁ። ጀርባውን በአሸዋ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት፤ 350 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ሰፊ ጫፍ ያለው ካውያ ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ብረቱንም ሽቦውንም ለየብቻ ሶልደር አልብሷቸው፤ ከዚያ አገናኟቸው። ጥቂት ሴኮንድ ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም በአንድ ጊዜ ስለሚረጋ ለጀማሪ ይመቻል። ለቧንቧ ሥራ የተዘጋጀ አሲድ ያለበትን ሶልደር አታስጠጉ፤ መዳቡን ይበላዋል። መስኮት ክፈቱ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።

ሽፋኑን ሳልገጥም ጃኩን በገመድ ከማጉያው ጋር አገናኝቼ በካቻቢቴ ጫፍ ፒክአፖቹን ነካ ነካ አደረግሁ፤ ሦስቱም ጮኹ። ክሮቹን አስሬ ስመታ የጊታሬን ድምፅ ሰማሁ። በራሴ እጅ የመለስሁት ድምፅ ነውና እኮራበታለሁ፤ ከጥገናው በፊት ከነበረው የተሻለ ይመስለኛል፤ ማንም መጥቶ አይደለም ቢለኝ አልሰማውም።

ከጊታር ጋር የሚመጡት መመሪያዎች ውስጡን የተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ እንዲከፍተው ይመክራሉ። ባትሪ ለሌለው ጊታር በዚህ አልስማማም። ውስጡ የሚጎዳ ኃይል የለም፤ ገልብጦ ማየት የሚችል ዓይን ያለው ሰው ሊከፍተው ይገባል። ማጉያው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በተለይ የቫልቭ ማጉያ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ኮንደንሰሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ይቆያሉ፤ ይገድላል። እርሱን አትክፈቱ።

የአንገቱን ጉብጠት የሚያስተካክለውን የውስጥ ዘንግም «ለባለሙያ ተዉት» ይላሉ። በዚህም አልስማማም። ክሩን በመጀመሪያውና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት (በአንገቱ ላይ በተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ ጫን ብላችሁ በ7ኛው ወይም 8ኛው ላይ ከክሩ በታች ያለውን ክፍተት እዩ፤ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ተዉት። ከሰፋ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ማዞር፣ ከዚያ ክሩን ቃኝቶ እንደገና መለካት። እምቢ ካለ ግን አቁሙ፤ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል። በ12ኛው ፍሬት ላይ የቀጭኑን ክር ከፍታ ወደ 1.6፣ የወፍራሙን ወደ 2 ሚሊ ሜትር አድርጌዋለሁ። ክሮችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውለቅ አንገቱን ያበላሻል የሚለውን ወሬም አትመኑ፤ እኔ አውልቄያለሁ፤ አንገቱ እንዳለ ነው።

የማልነካው ነት የሚባለውን በአንገቱ ጫፍ ያለውን የክር ማረፊያና ፍሬቶቹን ነው። በሞረድ አንዴ የጠለቀ ቦይ በቀላሉ አይመለስም፤ የተፋቀ ፍሬትም እንዲሁ። የእኔ ፍሬቶች በ3ኛውና በ5ኛው ላይ ተበልተዋል፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እየፈለግሁ ነው። ሳገኘው ጊታሩን ከማስረከቤ በፊት አንገቱን በምን ቀጥ እንደሚያደርግ፣ ከእያንዳንዱ ፍሬት ምን ያህል እንደሚያነሣ እጠይቀዋለሁ፤ የፍሬቶቹን ቁመት ለክቼ በወረቀት ይዣለሁ፤ የሚያወልቀውን ማናቸውንም ዕቃ እንዲመልስልኝም አስቀድሜ እነግረዋለሁ።